ድቅል ፓልም በጎጃም ወይና ደጋ፦ የትኛውን፣ የት፣ ከማን አርቀን?

የከተሞቻችን መንገድ ዳርና አደባባይ ከዓመት ዓመት ፓልም እየበዛበት ነው። ባሕር ዳርን ለሚያውቅ ሰው ነገሩ አዲስ አይደለም፤ ፓልም የተሰለፈባቸው ሰፋፊ ጎዳናዎቿ የከተማዋ መታወቂያ ከሆኑ ቆይተዋል። በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው አረንጓዴ አሻራ ችግኝ መትከልን የየክረምቱ ሥራ ሲያደርገው፣ በ2016 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ የተነሣው የኮሪደር ልማት ደግሞ ፓልምን የዘመናዊ ከተማ ምልክት አስመሰለው። ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የተቀመጡት ፍኖተ ሰላምና ቡሬም ከዚህ ፍላጎት ውጭ ሊሆኑ አይችሉም። በዓለም የችግኝ ንግድ ውስጥ ዛሬ ከሚወደሱት መካከል ደግሞ ሁለት ዝርያ ተዳቅሎ የተገኙት ድቅል ፓልሞች አሉበት። ታዲያ ለምዕራብ ጎጃም ግቢና አደባባይ ድቅል ፓልም ይበጃል ወይስ ይጎዳል? የዚህ ዳሰሳ ክርክር ባጭሩ ይህ ነው፦ ድቅልነት በራሱ ጥፋት አይደለም፤ ጥፋት የሚሆነው ድቅሉ ወይም የድቅሉ ወላጅ የአገራችን ዘንባባ የሥጋ ዘመድ ሲሆንና ከወንዞቻችን አጠገብ ሲተከል ነው።

ይህን ለማስረዳት አስቀድሞ አገር በቀሉን ማወቅ ያሻል። የፓልም ቤተሰብ በዓለም ላይ 2,500 ገደማ ዝርያዎች ሲኖሩት፣ በኢትዮጵያ በተፈጥሮ የሚበቅሉት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። በአፋር ቆላ ሃይፌን የተባለው ቅርንጫፋም ፓልም፣ በጋምቤላ ቆላ ቦራሰስ የተባለው ግዙፍ ፓልም ይገኛሉ። በወይና ደጋውና በወንዝ ዳር የምናውቀው ግን ዘንባባ ነው፤ ሳይንሳዊ ስሙ ፊኒክስ ሬክሊናታ ይባላል። ዘንባባ ከአንድ ሥር ብዙ ቀጫጭን ግንድ ያወጣል፤ ግንዶቹ ወደ ውጭ እያዘነበሉ እስከ 10 ሜትርና ከዚያም በላይ ይረዝማሉ፤ በቅጠሉ ግርጌ የተደረደረው እሾህ እጅ የሚበሳ ነው። በጣና ዳርቻና በዓባይ ወንዝ ዳር የሚታየው እርሱ ነው። ምእመናን በሆሣዕና ዕለት በቀለበትና በመስቀል መልክ የሚጎነጉኑት ቅጠል፣ ሰሌን የሚታታበትና መጥረጊያ የሚታሰርበትም ከእርሱ ይመጣል። ከዚህ በኋላ ዘንባባ ስንል ይህን አገር በቀል፣ ፓልም ስንል ቤተሰቡን በጠቅላላው ማለታችን ይሆናል።

ቀጥሎ የሚመጣው የአየሩ ጉዳይ ነው። ምዕራብ ጎጃም በካርታ ሲታይ የሐሩር ምድር ነው፤ ከምድር ወገብ በስተሰሜን ከ10 እስከ 12 ዲግሪ ባለው ውስጥ ይወድቃል። በቴርሞሜትር ሲታይ ግን ሌላ ነው። ፍኖተ ሰላም 1,900 ሜትር፣ ቡሬ 2,100 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ሲቀመጡ፣ በሰከላ ወረዳ ያለችው ግሽ ዓባይ ወደ 2,700 ሜትር ትጠጋለች። ስለ ሐሩር ዐፀዶች የተጻፉ መጻሕፍት በፎቶግራፍ የሚያሳዩት ለምለም ፓልም በአብዛኛው ከባሕር ጠለል ብዙም ከፍ በማይል ሞቃት ቦታ ያደገ ነው። ኮኮናት አማካይ ሙቀቱ 27 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ የሆነ ቦታ ይወዳል፤ ቡሬ ላይ ቢተከል ቅጠል አውጥቶ ዓመታት ሊቆይ ይችል ይሆናል እንጂ ፍሬ አይሰጥም። በሌላ ወገን አውሮፓና አሜሪካ ድቅል ፓልምን የሚያሳድዱት በአብዛኛው ከዜሮ በታች ብዙ ዲግሪ የሚወርድን የክረምት ብርድ ለመቋቋም ነው። የጎጃም ወይና ደጋ ከሁለቱም አይደለም፤ እንደ ቆላው አይሞቅም፣ እንደ ፈረንጅ አገር ክረምትም አይበርድም። ስለዚህ የሌላውን አገር ምስጋና ሰምቶ ችግኝ ከመግዛት በፊት፣ ድቅሉ የተፈጠረው ለየትኛው ችግር መፍትሔ እንዲሆን ነው ብሎ መጠየቅ ይገባል።

ድቅል ምን እንደሆነ ለምዕራብ ጎጃም ገበሬ ማስተማር አያስፈልግም። ከባኮ የምርምር ማዕከል እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው ቢኤች 660 በቆሎ፣ ከእርሱም በኋላ የመጡት ቢኤች 540 እና ቢኤች 661 በቡሬና በጃቢ ጠህናን ማሳ ላይ ድቅል ዘር ምን እንደሚሰጥና ምን እንደሚነሣ አሳይተዋል። የመጀመሪያው ትውልድ ብርቱና ወጥ ነው፤ ከእርሱ ተለቅሞ የተዘራው ግን ይበታተናል፣ አንዱ ሲረዝም ሌላው ያጥራል። የፓልም ድቅልም በዚሁ ሕግ ይሄዳል፤ ልዩነቱ የበቆሎው ስሕተት በአንድ መኸር ሲታይ የፓልሙ ስሕተት የሚታየው ከ10 ወይም ከ15 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። እናቱና አባቱ ታውቀው በእጅ የተዳቀለ ፓልም አንድ ነገር ነው፤ ብዙ ዓይነት ፓልም ከተቀላቀለበት ግቢ ወድቆ የተለቀመ ፍሬ ደግሞ ሌላ። በችግኝ ጣቢያ ሁለቱም ፓልም ተብለው ይሸጣሉ፤ የኋለኛው ግን ሻጩም ገዢውም ምንነቱን የማያውቁት ድቅል ሊሆን ይችላል።

በዓለም ገበያ ስማቸው የሚጠራውን ድቅሎች በሦስት ወገን ከፍሎ ማየት ይቻላል። የመጀመሪያው የዋሺንግቶኒያ ነው። ይህ ወገን ሁለት ዝርያ ብቻ አለው፦ የካሊፎርኒያና የአካባቢው በረሃ የሆነው ወፍራም ግንድ ያለው ፊሊፌራ፣ እና ቀጥ ብሎ ከ25 ሜትር በላይ የሚረዝመው የሜክሲኮው ሮቡስታ። የሁለቱ ልጅ ከአባትና ከእናቱ መካከለኛ ይሆናል፤ ግንዱ ከሮቡስታ ይወፍራል፣ ዕድገቱ ከፊሊፌራ ይፈጥናል። አበባው በጣም ትንሽና ወንዴም ሴቴም ጾታ በአንድ ላይ የያዘ በመሆኑ በእጅ ማዳቀሉ አስቸጋሪ ነው፤ አብዛኛው ድቅል የተገኘው ሁለቱ ጎን ለጎን በቆሙበት በንብ አማካይነት ነው። ፍሬው ይበቅላል፤ ነገር ግን ከድቅሉ የተለቀመ ዘር ወጥ አይወጣም። ጉድለቱም የታወቀ ነው፦ ደርቆ የሚንጠለጠለው ቅጠል ካልተወገደ የአይጥ መጠለያ ይሆናል፣ እሳትም ይስባል። ለክርክራችን ዋናው ነጥብ ግን ዋሺንግቶኒያ በኢትዮጵያ የቅርብ የሥጋ ዘመድ የሌለው መሆኑ ነው፤ የአበባው ዱቄት የትም ቢበተን ዘንባባን ሊያስረግዝ አይችልም።

ሁለተኛው ወገን በቅሎ ፓልም የሚባለው ነው። እናቱ ከደቡብ ብራዚልና ከኡራጓይ የመጣችው ቡቲያ፣ አባቱ ኩዊን ፓልም በሚል ስም የሚታወቀው ሲያግረስ ናቸው። ድቅሉ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ በደቡብ ፈረንሳይ የተገኘ ሲሆን፣ ሳይንሳዊ ስሙም ናቦናንድ የተባለውን አትክልተኛ ያስታውሳል። የእናቱን ብርድ መቻልና የአባቱን ላባ የመሰለ ቅጠል ይዟል፤ በቶሎም ያድጋል። አሠራሩን ቀረብ ብሎ ማየት ለምን ውድ እንደሆነ ያስረዳል። የቡቲያ አበባ ከሽፋኑ ሲወጣ በእያንዳንዱ ዘለላ ላይ ሴቴዋ በሁለት ወንዴዎች መካከል ተቀምጣ ትገኛለች፤ ወደ ዘለላው ጫፍ ያሉት ግን ወንዴዎች ብቻ ናቸው። አዳቃዩ ጫፉን ይቆርጣል፤ የቀሩትን ወንዴዎች ሳይፈኩ አንድ በአንድ ለቅሞ ያራግፋል፤ ዘለላውን ንብ እንዳይደርስበት በከረጢት ያስራል፤ ሴቴዎቹ ጫፋቸው ሲረጥብ አስቀድሞ ከሲያግረስ የተሰበሰበውንና የደረቀውን የአበባ ዱቄት ይነሰንስባቸዋል። ይህ ሁሉ ሆኖ የተገኘው ዛፍ እንደ ስሙ መካን ነው ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ችግኝ የእጅ ሥራ ነው። ዋጋው የሚወደደው በዚህ ነው፤ ደኅንነቱም የሚመጣው ከዚሁ ነው። ራሱን አይዘራም፣ ከዘንባባም ጋር አይገናኝም።

ሦስተኛው ወገን ፊኒክስ ነው፤ ክርክሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። በዚህ ወገን ከአትላንቲክ ደሴቶች እስከ ፊሊፒንስ የተበተኑ 14 ገደማ ዝርያዎች አሉ። ተምር፣ የካናሪ ደሴቶች ፓልም፣ በማሰሮ የሚተከለው አጭሩ ሮቤሌኒ፣ የእኛው ዘንባባም ከእነዚሁ ናቸው። ሁሉም ወንዴውና ሴቴው በተለያየ ዛፍ ላይ ነው፤ ሁሉም እርስ በርስ በቀላሉ ይዳቀላሉ፤ ልጆቻቸውም እንደ በቅሎ ፓልም መካን አይደሉም። ለአዳቃይ ከዚህ የሚመች የለም፤ የወንዴውን ዘለላ ቆርጦ በሴቴዋ መካከል ማሰር ብቻ ይበቃል፤ የተምር ገበሬዎች ይህን ሲያደርጉ ሺሕ ዓመታት አልፈዋል። የካናሪው ፓልምና የዘንባባ ድቅል በውበቱ የሚደነቅ ነው፤ የዘንባባን ማዘንበልና የካናሪውን ሙሉ ቅጠል አጣምሮ ይይዛል። ነገር ግን ለአዳቃይ የሚመቸው ይህ ባሕርይ፣ ንጹሕ ዘር በዱር ላለው አገር አደጋ ነው። ነፋስና ነፍሳት የሚያዳቅሉትን ማንም አይጠብቀውም።

ይህ ግምት ብቻ አይደለም፤ የደረሰበት አገር አለ። የካናሪ ፓልም በተፈጥሮ የሚገኘው በካናሪ ደሴቶች ብቻ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣ ሕግ የደሴቶቹ የተፈጥሮ ምልክት አድርጎታል። ለጎዳናና ለሆቴል ማስጌጫ በብዛት የገባው ተምር ግን ከእርሱ ጋር ተዳቀለ፤ ተመራማሪዎች በዘረ መል ምርመራ ድቅሎቹን ለይተው አሳዩ፤ ፓልም ከውጭ እንዳይገባም ገደብ ተጣለ። በአሜሪካዋ ፍሎሪዳ ደግሞ ከሌላ ፊኒክስ ጋር ያልተደባለቀ ዘንባባ በችግኝ ገበያ ማግኘት አስቸጋሪ ሆኗል፤ ዘንባባ ተብለው ከሚሸጡት ብዙዎቹ ድቅሎች ናቸው። እዚያ ዘንባባው መጤ ነውና የሚጠፋ ነገር የለም፤ እንዲያውም ወራሪ ተብሎ ተመዝግቧል። እዚህ ግን አገሩ ነው፤ አንድ ጊዜ ከተበረዘ ንጹሑን ከየትም መልሶ ማምጣት አይቻልም።

የምዕራብ ጎጃም የመሬት አቀማመጥ ጉዳዩን ያጠብቀዋል። ከግሽ ዓባይ የሚነሣው ግልገል ዓባይ ወደ ሰሜን ወርዶ ጣና ይገባል፤ የብርና የፈጣም ወንዞች ደግሞ ወደ ደቡብ ወርደው ከዓባይ ሸለቆ ይቀላቀላሉ። ከተሞቹ የተቀመጡት በእነዚህ ተፋሰሶች አናት ነው። በከተማ የተተከለ ባዕድ ፊኒክስ ፍሬውን ወፍ ይበላዋል፣ ዘሩን ጎርፍ ይወስደዋል፤ ሁለቱም የሚያደርሱት ዘንባባው ወደሚበቅልበት ወንዝ ዳር ነው። የሚጠፋውም የስም ጉዳይ ብቻ አይደለም። ዘንባባ ከአንድ ሥር ብዙ ግንድ የሚያወጣ በመሆኑ ቅጠል ቆራጩ ከአንዱ ግንድ ወስዶ ሌላውን ያሳርፋል። የካናሪው ፓልም ግን አንድ ግንድ፣ አንድ አናት ብቻ አለው፤ አናቱ ከተቆረጠ ዛፉ ይሞታል። ከእርሱ የሚወለደው ድቅል የግንዱ ቁጥር እያነሰ በሄደ መጠን ለሆሣዕናና ለሰሌን ቅጠል የሚቆርጠው ሰው የሚተማመንበት ባሕርይ አብሮ ይሄዳል።

ለዚህ ክርክር የሚቀርበው የመጀመሪያ ተቃውሞ መዳቀል የተፈጥሮ ሥራ ነው የሚል ነው። እውነትነት አለው። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ የዘረ መል ጥናት የሰሜን አፍሪካ ተምር በዘሩ ውስጥ የቀርጤስ ፓልም ከሚባለው ዘመዱ ድርሻ እንዳለው አሳይቷል፤ ዓለም የሚበላው ተምር ራሱ በከፊል የመዳቀል ውጤት ነው ማለት ነው። ነገር ግን ያ የሆነው በረጅም ዘመን፣ ገበሬው የሚበጀውን ልጅ እየመረጠ ሲያባዛው ነው። በወንዝ ዳር የቀሩ ጥቂት ዘንባባዎች ከጎናቸው በመቶ የሚቆጠር ባዕድ ፓልም የቆመባቸው እንደሆነ መራጭ የለም፤ ቁጥሩ የበዛው ቁጥሩ ያነሰውን ይውጠዋል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ብልሃት ያለበት ነው፦ ወንዴውን ብቻ፣ ወይም ሴቴውን ብቻ ብንተክልስ? ይህም አያዋጣም። ባዕዱ ወንዴ በዱር ያለችውን ሴቴ ዘንባባ ሊያስረግዝ ይችላል፤ ባዕዷ ሴቴ ደግሞ ከዱሩ ወንዴ አርግዛ ድቅል ፍሬ ለወፍ ትሰጣለች። በዚያ ላይ የፊኒክስ ጾታ የሚታወቀው አበባ ሲያወጣ ነው፤ ለዚህም ዓመታት ይፈጃል። የአበባውን ዘለላ ሳይፈካ መቁረጥ በማሰሮ ላለ አጭር ሮቤሌኒ ወይም በአንድ ግቢ ላለ አንድ ዛፍ ይሠራል። አንድ ጎዳና ሙሉ ረጃጅም ዛፍ ላይ በየዓመቱ መሰላል የሚያስደግፍ ማዘጋጃ ቤት ግን አይኖርም።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከዘንባባው ጉድለት ይነሣል፦ እሾሃም ነው፣ ቦታ ይይዛል፣ ወጥ ሰልፍ አይሠራም። ይህ እውነት በመሆኑ መልሱ ዘንባባን ለመንገድ አካፋይ አለመምረጥ ነው። ቦታው ሰፊ አደባባይ፣ የቤተ ክርስቲያን ዐፀድ፣ የወንዝ ዳርና የመናፈሻ ጥግ ነው። ግንዶቹ ሲበዙ አምስት ወይም ሰባት ትቶ ከሥር የሚወጣውን ልጅ በየጊዜው መቀነስ ቅርጹን ያሳምራል፤ በሰው መተላለፊያ በኩል ያለውን የግርጌ እሾህ መቁረጥም ከጉዳት ያድናል። ቀጥ ያለ ሰልፍ ለሚሻው አካፋይ ዋሺንግቶኒያና ድቅሉ፣ አቅም ላለው ሆቴል ወይም ተቋም በቅሎ ፓልም ይበቃሉ። ከዚህም ጋር ፓልም ለምን ይተከላል የሚሉም አሉ፤ ዋንዛና ብሳና እያሉ ጥላው ለቀጭን ፓልም ለምን ይሰጣል? ይህ ተቃውሞ ሊታለፍ አይገባም። እግረኛ የሚሄድበት መንገድ ዳር ጥላ የሚሰጥ ዛፍ ይገባዋል፤ ፓልም ለዚያ ሥራ አልተፈጠረም። የፓልም ቦታ ጥላ የማያስፈልግበትና ቁመት የሚፈለግበት ነው።

ቦታውና ዓይነቱ ከተመረጠ በኋላ አተካከሉ ይቀራል። የፊኒክስ ዘር አበቃቀሉ ለማያውቀው ያታልላል። ከዘሩ መጀመሪያ የሚወጣው ነጭ ዘንግ ወደ ታች ይሰርጋል፤ ሥሩም ቅጠሉም የሚነሡት ከዚያ ዘንግ ጫፍ ነው፤ የመጀመሪያው ቅጠል ብቅ የሚለው ከዘሩ ራቅ ብሎ ነው። ስለዚህ አጭር ላስቲክ ይህን ችግኝ ያጎብጠዋል፤ ጠባብና ረጅም ላስቲክ ይሻላል። የፓልም ዘር በ25 እና በ35 ዲግሪ መካከል ያለ ሙቀት ስለሚወድ በቡሬ ብርድ የተዘራው በፕላስቲክ ዳስ ውስጥ ቢሆን ይፈጥናል። ሲተከል ግንዱን ከነበረበት በላይ ጥልቅ አድርጎ መቅበር ሥሩን ያፍናል፤ ውኃ በሚያቁር ዋልካ መሬት ላይ ደግሞ አፈሩን ከምሮ ጉብታ ላይ መትከል ግድ ነው። የአካባቢው ቀይ አፈር አሲዳማና ዝናብ ያጠበው በመሆኑ ፖታሲየምና ማግኒዥየም ያንሰዋል፤ ምልክቱ በታችኞቹ አሮጌ ቅጠሎች ላይ የሚታይ ቢጫና ብርቱካናማ ነጠብጣብ ነው። የቤት አመድ ፖታሲየም ይሰጣል፣ አሲዱንም ያለዝባል፤ ከፍግ ጋር በመጠኑ ቢበተን ይጠቅማል። ቢጫውን ቅጠል ለውበት ሲሉ ቶሎ መቁረጥ ግን ስሕተት ነው፤ ዛፉ ከአሮጌው ቅጠል ፖታሲየሙን እያወጣ ለአዲሱ ስለሚሰጥ፣ ፈጽሞ እስኪደርቅ መተው ይበጀዋል። የመቁረጫው መጋዝም ከዛፍ ወደ ዛፍ ሳይጸዳ መሄድ የለበትም፤ የካናሪውን ፓልም የሚገድለው የፉዛሪየም በሽታ የሚዛመተው በዚህ መንገድ ነው።

ቸኩሎ፣ ያደገ ፓልም ከውጭ አስመጥቶ መትከልም ሌላ መዘዝ አለው። ቀይ የፓልም ነቀዝ የተባለው ተባይ ከደቡብ እስያ ተነሥቶ በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ የባሕረ ሰላጤው አገሮች፣ በ1990ዎቹ ደግሞ ግብፅና ስፔን የደረሰው በዋናነት ከነሥሩ በተጓጓዘ ፓልም ውስጥ ተደብቆ ነው። እጩ ግንዱን ከውስጥ ይበላል፤ ጉዳቱ በውጭ ሲታይ ብዙ ጊዜ ዛፉን ማዳን አይቻልም። በአፋር ተምር የሚያለማ ገበሬ ባለባት አገር ለጌጥ ሲባል ይህን በር መክፈት አይገባም። ዘር ርካሽ ነው፣ በቀላሉ ይመረመራል፣ ችግኙም የአገሩን አየር ለምዶ ያድጋል።

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ፍርድ አንድ ነው። በምዕራብ ጎጃም ድቅል ፓልም መትከል ይቻላል፤ ነገር ግን ከዋሺንግቶኒያና ከበቅሎ ፓልም እንጂ ከፊኒክስ ወገን መሆን የለበትም። ከፊኒክስ የሚተከለው ዘንባባ ብቻ፣ ዘሩም ባዕድ ፓልም ከሌለበት ወንዝ ዳር የተለቀመ ይሁን። ችግኝ ሳለ ዘንባባን ከተምርና ከካናሪው ፓልም በዓይን መለየት እጅግ ያስቸግራል፤ ሁሉም የታጠፈ ረጅም ቅጠል ይዘው ይወጣሉ። ስለዚህ ችግኝ ጣቢያዎች ዘሩ ከየት እንደተለቀመ በየላስቲኩ ላይ ይጻፉ፤ የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ቡሬ ካምፓስን የመሰሉ ተቋማትም ንጹሕ ዘር የሚለቀምባቸውን የወንዝ ዳር ዘንባባዎች መዝግበው ይጠብቁ። የፍኖተ ሰላምና የቡሬ ማዘጋጃ ቤቶች የሚቀጥለውን ክረምት ችግኝ ከማዘዛቸው በፊት ሻጩን አንድ ጥያቄ ይጠይቁ፦ የዚህ ፓልም እናቱና አባቱ እነማን ናቸው? መልስ ያልተገኘለት ችግኝ አይገዛ።